የማስታወቂያው አርማ ኮንሶል እንዳያስገዛችሁ

ባሕር ዳር ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትሬይለር (የጌሙ ማስታወቂያ ቪዲዮ) ነው። ትሬይለሩ ያልቅና መጨረሻ ላይ አንድ አርማ ብቅ ይላል፤ ወይ የፕሌይስቴሽን፣ ወይ የኤክስቦክስ። ሰውየውም "በቃ፣ ይሄ ጌም የእነሱ ነው" ብሎ ብሩን ይዞ ይወጣል። አርማው የሚነግረን ግን ለማስታወቂያው ማን እንደተዋዋለ ነው። ጌሙ የት የት እንደሚሠራ አይነግረንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጌሙ በሁሉም ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ይወጣል። የፕሌይስቴሽኑ ሶኒ ወይም የኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት ግን ከጌሙ አሳታሚ ጋር ይዋዋላል፤ ይከፍላል ወይም የማስታወቂያውን ወጪ ይጋራል። በምላሹ ትሬይለሩ ላይ የሚታየው የሱ አርማ ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ ለሱ ደንበኞች ትንሽ ነገር ይመረቅላቸዋል። የማስታወቂያ መብት የሚባለው ይኸው ነው። ይህን ባለማወቅ የሚሠሩ አምስት ስህተቶች እነሆ። (ከዚህ በታች ያሉት ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

"ያስተዋወቀው ባለቤቱ ነው" ማለት

ፖሊ አካባቢ አንድ ጌም ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ "ኮል ኦፍ ዲውቲ በኤክስቦክስም አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። "የፕሌይስቴሽን አይደል እንዴ ወንድሜ! ማስታወቂያውን አላየህም?"

ይህ የተኩስ ጌም በሁለቱም አለ፤ ድሮም ነበረ። በኤክስቦክስ 360 ዘመን ማስታወቂያው የማይክሮሶፍት ነበር። ተጨማሪ ማፖች (የመጫወቻ ሜዳዎች) ኤክስቦክስ ላይ ቀድመው ይወጡና የፕሌይስቴሽን ልጆች አንድ ወር ይጠብቁ ነበር። በ2015 የኮል ኦፍ ዲውቲው ብላክ ኦፕስ 3 ሲመጣ ውሉ ወደ ሶኒ ዞረ፤ ጠባቂዎቹም የኤክስቦክስ ልጆች ሆኑ። ጌሙ ያው ጌም ነው። የተቀየረው ከፋዩ ነው።

ከዚያ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። ማይክሮሶፍት የጌሙን አሳታሚ አክቲቪዥን ብሊዛርድን 68.7 ቢሊዮን ዶላር በሆነ ስምምነት ጠቀለለው፤ ግዢው የተጠናቀቀው በጥቅምት 2023 ነው። በቀጣዩ ወር የወጣው የኮል ኦፍ ዲውቲ ሞደርን ዋርፌር 3 ግን በፕሌይስቴሽን አርማ ነበር የተዋወቀው። የድሮው ውል ገና አላለቀም ነበራ! ጌሙ የማይክሮሶፍት፣ ማስታወቂያው የሶኒ። ብላክ ኦፕስ 6 በ2024 ሲወጣ ነው ማስታወቂያው ወደ ኤክስቦክስ የዞረው፤ በወጣበት ቀንም ጌም ፓስ (በየወሩ እየከፈሉ ብዙ ጌም የሚጫወቱበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ውስጥ ገባ። ያኔ ደግሞ "ከፕሌይስቴሽን ጠፋ" የሚል ወሬ ተነዛ። አልጠፋም፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሳይቀር ወጥቷል።

የስፖንሰሩን ሰሌዳ እንደ ውል ማንበብ

ይሄ የኳስ አፍቃሪዎች ስህተት ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ቻምፒየንስ ሊግ የሚያይ ሰው የፕሌይስቴሽን ምልክቶችን፣ ክቧን፣ ሦስት ማዕዘኗን፣ ካሬዋንና ኤክሷን፣ ሜዳው ዳር ሰሌዳ ላይ ሲያይ ነው ያደገው። ፕሌይስቴሽን ከ1997 ጀምሮ የውድድሩ ስፖንሰር ነው። ከዚያ ተነስቶ "የኳስ ጌም ማለት ፕሌይስቴሽን ነው" ይላል።

እዚህ ጋ የተደባለቁት ሦስት የተለያዩ ውሎች ናቸው። ሰሌዳው በሶኒና በዩኤፋ መካከል ያለ የስፖንሰር ውል ነው። ጌሙ ውስጥ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫና መዝሙር የሚገባው ደግሞ በሌላ ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ እስከ 2018 የኮናሚ ነበር፤ የኮናሚን የኳስ ጌም ፔስን ሲጫወቱ ያደጉ ያስታውሱታል። ከፊፋ 19 ጀምሮ ወደ ፊፋ ጌም አሳታሚው ኢኤ ሄደ። ሦስተኛው የማስታወቂያ መብቱ ነው፤ እሱም ሲዞር የኖረ ነው። ኤክስቦክስ ዋን በ2013 ሲወጣ አውሮፓ ውስጥ ፊፋ 14 ተመርቆለት ይሸጥ ነበር። ዛሬ ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የቀየረው ይኸው ጌም ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ፣ ኮምፒውተርና ኒንቴንዶ ስዊች ላይ አለ።

ለእኛ ከተማ ፕሌይስቴሽን መግዛት ትክክል ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ በሙሉ እሱን ነው የለመደው፤ ጆይስቲክ ሲበላሽም ጠጋኝ አይጠፋም። እነዚህ በቂ ምክንያቶች ናቸው። ሰሌዳው ግን ምክንያት አይሆንም።

"ኤክስክሉሲቭ" ሲባል ለዘላለም መስሎ መደናገጥ

ኤክስክሉሲቭ ማለት ለአንድ ኮንሶል ብቻ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ለተወሰነ ጊዜ ነው። ራይዝ ኦፍ ዘ ቱም ሬይደር በ2015 መጨረሻ ለኤክስቦክስ ብቻ ወጣ። በጥር 2016 ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ፕሌይስቴሽን 4 ላይ መጣ። ለጂቲኤ 4 ሁለት ተጨማሪ ታሪኮች ማይክሮሶፍት 50 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እነሱም በ2010 ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ወጡ። ያገለገለ ዕቃ ጠብቆ ለሚገዛ ሰው አንድ ዓመት ምንም ማለት አይደለም።

የማይመጣም አለ። የማርቭል አቬንጀርስ ውስጥ ስፓይደርማን ለፕሌይስቴሽን ብቻ ተሰጠ፤ ኤክስቦክስ ላይ ሳይገባ ጌሙ ራሱ በመስከረም 2023 ከሽያጭ ወረደ።

"ያስተዋወቀው ጋ ይሻላል" ማለት

አይሻልም። ሳይበርፐንክ 2077ን ያስተዋወቀው ኤክስቦክስ ነበር፤ በጌሙ ቀለም ያሸበረቀ ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ሳይቀር ተሠርቶለታል። በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ግን በመደበኛው ኤክስቦክስ ዋንም በመደበኛው ፕሌይስቴሽን 4ም እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ አውጥቶት የመለሰው በሰኔ 2021 ነው።

ለምርቃቱ ብሎ መግዛት

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ውስጥ የለም። ኮድ ነው፤ ወይም ከኢንተርኔት መደብሩ የሚወርድ ፋይል ነው። ኮዱ አንዴ ከተጠቀሙበት ያበቃል፤ ያገለገለ ዲስክ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ባለቤት በልቶታል። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ደግሞ ኢትዮጵያ የአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ሰው የአሜሪካ አካውንት ይከፍታል፤ ዲስኩ ግን ከዱባይ የመጣ ነው። የዲስኩና የአካውንቱ ክልል (የተመደቡበት የዓለም ክፍል) ካልገጠሙ ጭማሪው አይሠራም። ሻጩ "ኮዱ አለው" ካለ የእናንተን አካውንት ከፍታችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገቡት። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ያዙ፤ ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ሆኖም መብራት ሳይጨርስ ሊሄድ ይችላል።