ከልጅነት የቀረች የብር መስቀል እንዴት ትታደሳለች?

ለክርስትና የተገዛች ትንሽ የብር መስቀል ሐዋሳ ውስጥ በብዙ ቤት መሳቢያ ትገኛለች፤ ጠቁራ፣ ማንጠልጠያዋ ተበጥሶ፣ ማተቧ ነትቦ። አንጥረኛ ዘንድ ሲወስዷት «አቅልጠን አዲስ እንሥራልዎት» ቢባሉ እባክዎ አይስማሙ። ከእሳቱ የሚመለሰው ብሩ ብቻ ነው። በሕፃን ጥርስ የተነከሰው ጠርዝና በደረት ላይ ሲፋተግ የኖረው ፊት እንዲቆዩ ያድርጉ፤ የተሰበረው ብቻ ይጠገን።

መጀመሪያ ፊቷንና ጀርባዋን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡ። ዶቃ ካላት ክሩን ከመቁረጥዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይያዙ። ጠርዟ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብረት ብቅ ካለ የተለበጠች ናትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልውሏት። ማግኔት ከሳባት ብረት አለባት፤ ካልሳባት ግን ገና ብር ናት ማለት አይደለም፤ መዳብና ነሐስም አይሳቡም።

ቀጥሎ ጽዳቱ ነው። አመድና የጥርስ ሳሙና የቆየ ልማድ ቢሆኑም ብሩን ይፍቃሉ፤ በየጊዜው ሲታሽ ቅርጹ ይጠፋል። ጥቁረቱ ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ሽፋን ስለሆነ ሳይፋቅ ሊለቅ ይችላል። ክሩን ያውጡ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ያንጥፉ፤ መስቀሏን አልሙኒየሙን እንድትነካ አድርገው ያስቀምጡ። በአንድ ኩባያ የፈላ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ያፍስሱባት። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ድኙ እየለቀቀ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጥተው በንጹሕ ውኃ ያጥቡና ያድርቁ። ዕንቁ፣ አምበር ወይም በሙጫ የተያዘ ድንጋይ ያለበትን ጌጥ ግን እዚህ ውኃ ውስጥ አይክተቱ። ሆን ተብሎ በጠቆረ ቅርጽ የተዋበውንም እንዲሁ፤ ጥቁረቱ ከሄደ ቅርጹ ይደበዝዛል።

የአያት ጌጥ ከሆነች ከጠገራ ብር ተቀጥቅጣ ሊሆን ይችላል። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስለዚህ ከንጹሕ ብር ቶሎ ይጠቁራል።

የማንጠልጠያውን ስብራት ለአንጥረኛ ይተዉት። ራዲዮና ስልክ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት የእርሳስ መበየጃ ግን በፍጹም አያስነኩ። መያዣው ደካማ ነው፤ ከዚህም የከፋው፣ በኋላ ጌጡ እንደገና ሲሞቅ እርሳሱ ብሩን እየበላ ይቦረቡረዋል። በብር መበየጃ እንዲሠራ ይጠይቁ። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን መበየጃው ከዚያ በታች ስለሚቀልጥ መስቀሏ አትጎዳም። ከመስጠትዎ በፊት ፊትዎ ላይ በግራም ትመዘን። ከዚያ በግልጽ «ማንጠልጠያውን ብቻ ይበይዱልኝ፤ ፊቷን በሞተር እንዳያስወለውሉብኝ» ይበሉ። ይህን ካልተናገሩ አሳምራታለሁ ብሎ ጠርዙን ሁሉ ያለሰልሰዋል።

ማተቡን በአዲስ ይተኩ፤ አሮጌውን ግን አይጣሉት።

በክረምት የሐዋሳ አየር እርጥበት ሲበዛበት ብር ቶሎ ይጠቁራልና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው አየር በማያስገባ ከረጢት ያኑሯት። ሱፍና ላስቲክ ድኝ ስላላቸው አያስጠጉባት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማድረጓ ነው፤ በየቀኑ ከጨርቅና ከቆዳ ጋር የምትፋተግ መስቀል በሣጥን ከተዘጋባት ይልቅ ዘግይታ ትጠቁራለች።