ከአሜሪካ የመጣ ሰልባጅ ሸክላ ማጫወቻ ደሴ ላይ ሲያስቸግር (ችግርና መፍትሄ)

የኔ ቶረንስ ቲዲ 160 ነው፣ ባለ ቺንጋ። ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁና ቤት ስከፍተው አንድም ነገር ልክ አልነበረም፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግን አብዛኛው ችግር እቃው ተበላሽቶ ሳይሆን አገር ስለቀየረ ነው፣ ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንብቡ።

ከሁሉ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ እዩ። 120 ቮልት የሚል ከሆነ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት አለቀለት፣ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የጃፓን ገበያ እቃ ደሞ 100 ቮልት ነው፣ እሱ የራሱን ይፈልጋል።

ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴት ድምፅ የወንድ ይሆናል

አንድ የአምባሰል ዘፈን ከፈትኩ፣ እናቴ ከጓዳ "ይሄን ሰውዬ አሞታል እንዴ?" አለችኝ። ዘፋኟ ሴት ናት።

መጀመሪያ ቺንጋው ረግቦ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ ብሬን በላሁ። ነገሩ ሌላ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን (መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይነካም፣ የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ የኛ 50 ነው፣ የዚህ እቃ ሞተር ደሞ የሚሽከረከረው ፍሪኩዌንሲውን ተከትሎ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ያለበት ወደ 28 ይወርዳል። ለማረጋገጥ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ቁጠሩ፣ በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር መምጣት አለበት። የኔ 83 መጣ።

መፍትሄው ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርባትን መዘውር) በ50 ኸርዝ ፑሊ መቀየር ነው፣ እሷ ወፈር ትላለች። እኔ አላገኘሁም፣ የድሮዋን ፈትቼ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ሰውየው መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩና "ይቺ ለልብስ ስፌት መኪና ናት?" አሉኝ፣ "አይ ጋሼ፣ ለሸክላ ናት" ስላቸው "ሸክላ ደሞ በሞተር መሠራት ጀመረ እንዴ!" ብለው ሳቁብኝ። አስረድቼ ስጨርስ "አብሽር" አሉና ከነሃስ አወጡልኝ። የነገርኳቸው ሁለት ነገር ነው፣ ውፍረቷ የድሮዋ 1.2 እጥፍ ይሁን፣ ቺንጋው የሚያርፍበት መሃሉ ደሞ እንደ በርሜል ትንሽ ይበጥ፣ ካልሆነ ቺንጋው ይንሸራተታል። አሁን 100 ይቆጥራል።

ቴክኒክስ 1200 ኤምኬ2 ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም፣ እሱ ቺንጋ የለውም፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው የራሱ ኳርትዝ (እንደ ሰዓት ልክ የሚመታ ክሪስታል) ነው፣ ቮልቱን ብቻ አስተካክሉ።

ድምፁ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል

ክንዱን በጣት ስትነኩት ጩኸቱ ከጠፋ የግራውንድ ሽቦ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ የምትወጣ ቀጭን ሽቦ አለች፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ካለችው የግራውንድ ብሎን ጋር እሰሯት። ጩኸት የለም ግን ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኗል፣ ቤዝም የለውም ከሆነ ደሞ የሰካችሁት ተራ መግቢያ ላይ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ ፎኖ የሚል መግቢያ ወይም ለብቻው ፎኖ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን) ይፈልጋል።

በአንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ ቀዩንና ነጩን ኬብል አቀያይሩ፣ ዝም ያለው ጎን አብሮ ከተቀየረ ችግሩ ከማጫወቻው በኩል ነው፣ ካርትሪጁ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌዋን የያዘው) ጀርባ ያሉትን አራት ሽቦዎች እዩ (ብዙ ጊዜ አንዷ ላልታ ነው)።

መርፌው ይዘላል

ክብደት ነው ወይ ወለል ነው። ክንዱ አየር ላይ እስኪንሳፈፍ ከኋላ ያለውን ክብደት አመጣጥኑ፣ ከዚያ ለካርትሪጃችሁ የተጻፈውን ስጡት፣ የኔ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ነው። አቅልሎ ማጫወት ሸክላ ያተርፋል የሚሉትን አትስሙ፣ ሲቀል እየዘለለ ይፍቀዋል። መለኪያ ስለሌለኝ ከጎረቤታችን ወርቅ ሠሪ ሚዛን ተዋስኩ፣ መርፌዋን ላስቀምጥ ስል የሚዛኑ ብረት የካርትሪጁን ማግኔት ሳበው፣ ለጥቂት ተረፈች። የፕላስቲክ ክዳን ደፍታችሁበት ዜሮ አድርጋችሁ ለኩ።

ክብደቱ ልክ ሆኖም ሰው ሲያልፍ ከዘለለ ወለሉ ነው። የኛ ቤት ጣውላ ነው፣ ቶረንስ ደሞ ሦስት ስፕሪንግ ላይ ስለተንጠለጠለ ቡና የምታቀርብ ልጅ ስትራመድ አብሮ ይደንሳል። ጠረጴዛ መቀያየር ትርፉ ድካም ነው፣ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አስመቱ፣ የጭቃ ቤት ከሆነ ብሎኑ ቋሚው እንጨት ላይ ይግባ፣ ጭቃው ላይ ከመቱት እቃውን ይዞት ይወርዳል። ከዚያ በውሃ ልክ ሳህኑን አስተካክሉ።

ድምፁ ይሻክራል

ቡና ሲፈላ እጣኑ፣ እንግዳ ሲመጣ ዑዱ፣ ጭሱ መርፌዋ ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል፣ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ብታዩ ጥቁር ጓል ታገኛላችሁ። በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉ፣ ወደ ጎን ከሄዳችሁ ዘንጓ ትሰበራለች።