በባሕር ዳር የቆዩ ሳንቲሞችን በአነስተኛ ወጪ መሰብሰብ

ጀማሪ ሰብሳቢ በጠገራ ብር (በማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ባይነሣ እመክራለሁ፤ 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው ጠገራዎች ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በተለያዩ አገሮች ስለተመቱ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜያቸውን አይገልጽም። በዋጋ የሚቀለው መነሻ 1936 (ዓ.ም.) የሚል ዓመት ያለባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች ናቸው፤ እነርሱም ቁጥሩ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ቢመቱም ብዛታቸው ለኪስ ይስማማል። ከሁሉ ይልቅ ስሙኒውን (25 ሳንቲሙን) እወደዋለሁ፤ መጀመሪያ ክብ ነበር፣ በመጠን ከብር ከተሠራው ሽልንግ (50 ሳንቲም) ጋር ስለተቀራረበ ግን በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተከረከመ። ክቡን ያገኘ ሰው አይለፈው።

ከመግዛትዎ በፊት ፊደሉና በሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው የአንበሳ ጋማ ምን ያህል እንዳልደበዘዘ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ጠገራ ከሆነ ብር አንጥረኛ ዘንድ ያስመዝኑት፤ ክብደቱ ከ28 ግራም ብዙ ከራቀ ይተዉት።

ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲምን መርምረው ከ1 እስከ 70 ደረጃ በመስጠት በፕላስቲክ ያሽጋሉ። የምርመራው ክፍያ ከተራ ስሙኒ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ የታሸገ ከፈለጉ ደረጃ የወጣለትን መግዛት ይሻላል፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥርም በድርጅቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

የጣና እርጥበት መዳብን አረንጓዴ ስለሚያደርግ ሳንቲሞቹን ከሲሊካ ጄል ጋር በተከደነ ዕቃ ያኑሩ። በሎሚና በአመድ ፈጽሞ አይፈትጓቸው፤ የታጠበ ሳንቲም የቀድሞ ገጹን አያገኝም።