ማይኩ ሲበዛ ድራሙ ለምን ይቀጥናል? የድራም ቀረጻ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ድራም የሚቀረጽባቸው ክፍሎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የብሎኬት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ችግሩም ያው ተመሳሳይ ነው። ኬብሉ ተሰክቷል ወይ፣ ቻናሉ ተከፍቷል ወይ የሚለውን እዚህ አላነሳም።

ኮንደንሰር ማይኩ ጭራሽ አይሰማም
ከሚክሰሩ ለማይኩ የሚላከው 48 ቮልት አልበራም። ስፒከሩን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት።

የስኔሩ (ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ከበሮ) ድምፅ ይሰነጣጠቃል
ድራመሩ ሳውንድ ቼክ ላይ በስሱ ይመታል፣ ቀረጻ ሲጀመር ይሞቀዋል። ጌይኑን (የማይኩ ድምፅ የሚጎላበትን መጠን) የምታስተካክሉት እንደ ዘፈኑ ማብቂያ ጠንክሮ እየመታ ነው።

ኪኩ (በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ይጎርፋል እንጂ አይመታም
ማይኩ የፊተኛው ቆዳ ቀዳዳ ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ አስገቡትና ፔዳሉ ወደሚያርፍበት ቦታ አዙሩት። ብርድ ልብስ አጣጥፋችሁ ቆዳውን በስሱ እንዲነካ አስቀምጡ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ጠፋ እንዳትሉኝ። ግን አትጠቅጥቁት፣ ካርቶን የምትደበድቡ ይመስላል።

እያንዳንዱ ማይክ ለብቻው ጥሩ ነው፣ አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ድራሙ ይቀጥናል
ዋናው ይሄ ነው። ሰው "ማይኩ አይረባም" ብሎ ሌላ ሊገዛ የሚሮጠውም በዚሁ ነው።

ድምፅ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 34 ሳንቲሜትር ለመሄድ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። ስኔሩ አጠገብ ያለው ማይክ ምቱን ወዲያው ይሰማል፣ 1 ሜትር ከላይ የተሰቀለው ማይክ፣ ኦቨርሄዱ፣ ደግሞ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ። ሁለቱ ሲደመሩ የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው ከወረደ ይጠፋፋሉ። ይሄ ነው ፌዝ የሚባለው። (የከተማችን ብርድ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ ቢቀንስ ፍጥነቱ የሚወርደው በ6 ሜትር ገደማ ነው፣ እባካችሁ ብርዱን ተዉት።)

መጀመሪያ ሲባጎ አምጡ። አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሐል ያዙ፣ ሌላውን እስከ አንደኛው ኦቨርሄድ ወጥሩና ቋጠሮ አስሩበት፣ ከዚያ ሁለተኛው ኦቨርሄድም ልክ ቋጠሮው ላይ ይቁም። በዓይን ግምት አይሆንም! እንግሊዛዊው የቀረጻ ባለሙያ ግሊን ጆንስ በስሙ የሚጠራው አቀማመጥም በዚሁ ልክ ይሠራል። አንድ ማይክ ከስኔሩ በላይ፣ አንድ ከወለል ቶሙ (መሬት ላይ የሚቆመው ከበሮ) ጎን ወደ ሃይሃቱ (በፔዳል የሚገጣጠመው ጥንድ ሲምባል) ዞሮ፣ ሁለቱም ከስኔሩ እኩል ርቀት ላይ። ኪክና ስኔር ሲጨመርበት አራት ማይክ በቂ ነው። ሸዋ ሮቢት አንድ መዘምራን በየሲምባሉ ሥር ሳይቀር ማይክ ተክለው አገኘኋቸው። ከአራቱ በቀር ሁሉንም ሳስነቅል ቅር ብሏቸው ነበር፣ ድራሙ ግን መጣ።

ቀጥሎ ሞገዱን የሚገለብጠው የፌዝ ቁልፍ፣ በመስመር የተቆረጠችው ክብ ምልክት። ስኔሩን ከታችም የምትቀርጹ ከሆነ የታችኛውን ገልብጡት፣ ምክንያቱም ዱላው ሲያርፍ ቆዳው ከላይኛው ማይክ እየሸሸ ወደ ታችኛው ይመጣል። ኪኩንም ከኦቨርሄዶቹ ጋር ከፍታችሁ አንዴ ገልብጡት፣ ሞላ ብሎ የተሰማው ይቀመጥ።

ይሄም ካልሠራ ኬብሉን ጠርጥሩ። ለአንድ የሰርግ ባንድ ስንቀርጽ ኦቨርሄድ በተከፈተ ቁጥር ኪኩ ይሰወራል። ርቀቱ ተለካ፣ ማይክ ተቀየረ፣ ወይ ፍንክች! ኬብሎቹን ስናቀያይር ችግሩ ከኪክ ተነስቶ ቶም ላይ ሄደ። የአንዱን ኬብል ጫፍ ብንፈታው የበየደው ሰው 2 ቁጥርና 3 ቁጥር ፒኑን አገላብጦታል። 1 ሺልዱ (የኬብሉ መከለያ ሽቦ) ነው፣ 2 ፖዘቲቩ፣ 3 ኔጋቲቩ፣ በሁለቱም ጫፍ። እዩት እንግዲህ፣ በአንዲት የተዝረከረከች ብየዳ ሙሉ ቀን ተበላ። መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ማይኮች አጠጋግታችሁ ያዙ፣ አንዱን በምታምኑት ኬብል ሌላውን በተጠረጠረው፣ ጌይናቸውን እኩል አድርጉና አውሩ። ድምፃችሁ ከሳሳ ኬብሉ ተገልብጧል። ተጠግኖ የመጣ ኬብል ሁሉ ሳይፈተን ድራም ላይ አይሰካ።

ሃይሃቱ ስኔር ማይክ ውስጥ ይጮሃል
ካርዲዮይድ ማይክ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የሚሰማው ዓይነት፣ ከኋላው አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጀርባውን ለሃይሃቱ ስጡት። የሹር ኩባንያው ማይክ ኤስኤም 57 ለዚህ ቦታ ይበቃል፣ እውነተኛው ከሆነ። አስመስለው የሠሩት ገበያውን ሞልቶታል፣ ዋጋው ከረከሰ አትንኩት።

ክፍሉ ያስተጋባል
የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ይብቃችሁ። ለዓይን እንጂ ለድራም አይሆንም። የመንዝ ባና ወይም ዝተት ከግድግዳው ትንሽ አራርቃችሁ ስቀሉ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ኮርኒሱ ላይ፣ ከኦቨርሄዶቹ በላይ። በክረምት ቀረጻውን ጠዋት ያዙ። ቆርቆሮ ላይ የወረደ በረዶን ከኦቨርሄድ ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣ ፕለግኢን እስካሁን አላየሁም።