የቆየ የአየር ኃይል ስኳድሮን ጥልፍ አርማ እንዴት ይጠበቃል፣ ታሪኩስ እንዴት ይጻፋል?

ከአቃቂ በገላን በኩል ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በቢሾፍቱው የአየር ኃይል ጦር ሠፈር በሐረር ሜዳ ያገለገሉ ጡረተኞችና ቤተሰቦቻቸው ይኖራሉ። በሣጥናቸው ውስጥ ከሰነዶችና ከፎቶግራፎች ጋር፣ ከበረራ ቱታ ክንድ ወይም ደረት የተፈታ የስኳድሮን (የአንድ አውሮፕላን ምድብ) ጥልፍ አርማ አብሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው አርማ የማን እንደነበረና ከየትኛው ክፍል እንደመጣ የሚናገር ሰው ካለፈ በኋላ ምስክርነቱ አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጨርቁን ከመጠበቅ ጎን ለጎን ታሪኩን መጻፍ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ አርማውን አይጠቡት። እኔ ገላን በሚገኘው ቤታችን የአጎቴን ቱታ ሳገኝ አቧራው ስላስጠላኝ በኦሞ ዘፈዘፍኩት፤ ቀዩ ክር ቀለሙን ለቅቆ ነጩን ክንፍ ሮዝ አደረገው፤ ያንን ክንፍ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል። አቧራውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀስ አድርገው ይጥረጉ። አርማው አሁንም ቱታው ላይ ተሰፍቶ ከሆነ አይፍቱት፤ የተሰፋበት ቦታና ክር ራሱ ማስረጃ ነው። ከዚያ በጥላ ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ ያንሡ።

ቀጥሎ ጀርባውን ያንብቡ፤ ከፊቱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው። በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ቋጠሮና ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የዘለለ ክር ይታያል፤ የኮምፒዩተር ጥልፍ ከሆነ ግን የታችኛው ክር እኩል ተሰድሮ ይገኛል፣ አንዳንዴም ስስ ፕላስቲክ ይለጠፍበታል። ሐሰተኛ ብር በሚለይበት ሐምራዊ መብራት ሲታይ ብዙ አዳዲስ ሰው ሠራሽ ክሮች ያበራሉ፤ የድሮ ጥጥ ግን ደብዛዛ ነው። ሆኖም የዛሬ ሳሙናዎች የሚያበራ ንጥረ ነገር ስላለባቸው አንዴ የታጠበ አሮጌ ጥጥም ሊያበራ ይችላልና፣ ይህን ምልክት ብቻውን አይመኑ።

ከጥልፉ ሥዕል ደግሞ ዘመኑን ማጥበብ ይቻላል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷል፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን አየር ኃይሉ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ እንደገና ተቋቋመ። ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለበት አርማ በአብዛኛው ከመስከረም 1967 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ነው። ወደ ኋላ የተጠማዘዘ ክንፍና ክፍት አፍንጫ ያለው ጄት ኤፍ-86 ሳብር ሊሆን ይችላል፤ ይህም በ1960 እ.ኤ.አ. መጥቶ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ኮንጎ ድረስ ዘምቷል። ሹል አፍንጫና አጭር ክንፍ ያለው ኤፍ-5 ሲሆን፣ በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚግ አውሮፕላኖች ጋር ተፋልሟል። ሥዕሉ ሩሲያ ሠራሹ ተዋጊ ጄት ሱ-27 ከሆነ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ የተጠለፈ መሆኑን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሰው ይሂዱ። እግረ መንገድዎን ቡና ይዘው፣ መጀመሪያ ጤና ጠይቀው፣ አርማውን ለሻምበሉ ወይም ለጋሼ እጃቸው ላይ ይስጧቸው፤ ጨርቁን ሲነኩ የሚያስታውሱት ሲጠየቁ ከሚመልሱት ይበልጣል። አብራሪዎችን ብቻ አይፈልጉ፤ መሬት ላይ ሞተር ሲፈቱና ቦምብ ሲጭኑ የኖሩ የጥገና ባለሙያዎች የአውሮፕላኑን የጭራ ቁጥር ጭምር ያስታውሳሉ። ዓመተ ምሕረትን በተመለከተ ግን ጠንቃቃ ይሁኑ፤ አንድ ባለሙያ «በ66 መጣ» ሲሉ በእኛ 1966 ወይም በአውሮፓውያን 1966 ማለታቸው ሊሆን ይችላል፣ በመካከሉም ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የመጀመሪያዎቹ ኤፍ-5 የመጡት በ1966 እ.ኤ.አ. ማለትም በ1958 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ «አብዮቱ ሊፈነዳ ስንት ዓመት ሲቀረው ነው?» ብለው ቢጠይቁ ጥርጣሬው ይፈታል።

ያገኙትን በእርሳስ በካርድ ላይ ይጻፉ፤ ማን ለበሰው፣ መቼና የት፣ ማን ነገረዎት፣ በየትኛው ቀን። የሰሙትንና ከጥልፉ ራስዎ የገመቱትን በተለያየ መስመር ይለዩ። ስም ከማውጣትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ አሁን ሥራ ላይ ያለ ክፍል አርማ ከሆነ ደግሞ አይልበሱት።

ለማስቀመጥ ደጋግሞ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ ይጠቅልሉበት፤ ኮላ፣ ስኮችና ዝገት የሚያመጣ መርፌ አይጠቀሙ። የአቃቂና የገላን መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ስለሚይዝ ሣጥኑን ከወለል ከፍ አድርገው ከግድግዳ ያርቁ፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ሙቀቱ ክሩን ያደርቀዋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ አርማውን በጥላ ዘርግተው ብል መኖር አለመኖሩን ጀርባውን ጭምር ይመልከቱ።