መጀመሪያ እህሉን ምረጡ፣ ማኅተሙ ይደርሳል

ጣና ዙሪያ "እኛም ተሰባስበን አንድ ነገር ብንሠራ" ብላ የማታውቅ ሴት አለች ብዬ አላምንም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚበላሸው አጀማመሩ ላይ ነው። ሰብሳቢ ይመረጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ቁጭ ተብሎ ፕሮጀክት ይጠበቃል። ፕሮጀክቱ ቢመጣ እንኳ ጊዜው ሲያልቅ ማኅበሩም አብሮት ያልቃል። ይህን የምጽፈው በእጃችሁ ባለው ነገር፣ ያለማንም በጀት ለምትጀምሩ ነው።

በአንድ እህል ጀምሩ። አንድ ብቻ። እሱን ዝሩ፣ እሱን አብስሉ፣ ስለ እሱ ተማሩና ለሰው አስተምሩ፣ የተረፈውን ሽጡ። ዶሮውም፣ ንቡም፣ አትክልቱም በአንድ ዓመት ይሁን ያለ ማኅበር አንዱንም አይዝም።

የቱን እህል?

እንደ ቦታችሁ ነው። መራዊና ዳንግላ መስመር ከሆናችሁ ዳጉሳ አለላችሁ፣ ግብጦም አለ። ፎገራ ከሆናችሁ ሩዝ አለ፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ስለሆነ የእህሉን ነገር ተዉትና ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ያዙ። ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ አላችሁ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቀሳውስቱ ተዉላቸው። ማኅበር ያፈርሳል።) ዓሣን ከመረጣችሁ ግን አንድ ነገር ያዙ። ነጭ ዓሣው ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣል። ያኔ ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ነው የሚያወጣው። ከእሱ አትግዙ።

እኔ ብጠየቅ ዳጉሳን እመርጣለሁ። ዳጉሳ ያለ ጥፋቱ የተናቀ እህል ነው። ጤፍ ያጣ ሰው ምግብ ተደርጎ ነው የሚታየው፤ እንግዳ ሲመጣ የዳጉሳ እንጀራ ከመሶቡ ሥር ይገባል። ነገር ግን 100 ግራም ዳጉሳ ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለ፤ ያ የምንኮራበት ጤፍ እንኳ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ነቀዝ እንደ በቆሎ አይደፍረውም፣ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ዘሩም አሠራሩም ከእናቶቻችን እጅ ገና አልጠፋም። ከዚህ በታች ያለውን በዳጉሳ ምሳሌ ነው የምጽፈው፣ ሌላ የመረጣችሁ እንደሚስማማችሁ ለውጡት።

ማን ይግባ፣ መቼ ይጀመር?

ከ12 እስከ 20 ሴት ይበቃል። ሁሉም የአንድ ቤት ዘመድ አይሁን። መሬት ያላትም ትግባ፣ የሌላትም ትግባ፣ ባሏ ሞቶባት መሬቷን የእኩል የሰጠችውም ትግባ። ማንበብና መጻፍ የምትችል አንዲት ልጅ እግር ግድ ናት። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትም እንደዚያው፤ የትኛው ዘር ቶሎ ይደርሳል፣ የትኛው ለጠላ፣ የትኛው ለእንጀራ የሚለውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። "እማማ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይንገሩን" በሏቸው እንጂ ቆፍረው እንዲያሳዩ አትጠብቁ።

የመሰብሰቢያ ቀናችሁ በዓል ይሁን። 21 ማርያም ወይም 12 ሚካኤል፣ ሰፈሩ የሚያከብረውን ምረጡ። በዚያ ቀን ማሳ አይገባም፣ አይፈጭም፣ ቡና ግን ይፈላል። ለወሬ፣ ለሒሳብ፣ ለዕቅድ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ባልየውም "ሥራ ትታ ሄደች" አይልም። የእጅ ሥራውን ግን ለሥራ ቀን አቆዩት። በማርያም ዕለት ብቅል ስታሰጡ ከታያችሁ እህሉ ሳይሆን እናንተ ናችሁ መነጋገሪያ የምትሆኑት።

አዲስ ማኅበር በሐምሌና በነሐሴ አይጀመርም፣ አረም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥም አይጀመርም፣ አጨዳ ነው። ጥር ሠርግ ነው። የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ፤ ዐቢይ ጾምም ስለሚሆን 55 ቀን ሙሉ "ዛሬ ምን ልሥራ" የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። ቆጋ መስኖ ላይ ያላችሁ ግን በዚያ ወቅት ድንችና ሽንኩርታችሁ ላይ ስለምትሆኑ የራሳችሁን ክፍተት ፈልጉ።

ማሳው

ትልቅ መሬት አያስፈልግም። ከአንዷ አባል ጓሮ ቆረስ አድርጉ ወይም የቀበሌውን የገበሬ ማሠልጠኛ ጠይቁ። የብዙዎቹ ማሠልጠኛዎች መሬት ጾሙን የሚያድር ነው፤ ቢሰጧችሁ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም። መሬቱ የባልና ሚስት ከሆነ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም አለና ሁለቱም ይስማሙ፣ ስምምነቱም ለስንት ዓመት እንደሆነ በወረቀት ይስፈር።

መሬቱን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን እንደ ድሮው በብተና ዝሩ፣ ግማሹን በረድፍ፣ በረድፍና በረድፍ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ። ዘሩ አንድ ይሁን፣ ቀኑ አንድ ይሁን፣ ማዳበሪያውም እኩል ይሁን። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ከለወጣችሁ ምርቱ ሲጨምር በየትኛው እንደጨመረ አታውቁም፣ ለሌላ ሰውም ማስረዳት አትችሉም። ዳጉሳ በረድፍ መዘራቱ ትልቁ ጥቅሙ አረም ላይ ይታያል። ቡቃያው ገና ለጋ ሳለ ከሣሩ አይለይም፣ የለመደች እጅም ትሳሳታለች፤ በረድፍ ከሆነ ግን ከመስመር የወጣው ሁሉ አረም ነው።

ከዚያ አጨዳ ላይ ሁለቱን ለየብቻ ወቅታችሁ በሰው ፊት መዝኑ። ጎረቤት ጥሩ፣ ባሎችንም ጥሩ፣ ትምህርት ቤት ቅርብ ከሆነ መምህሩ ልጆቹን ይዞ ይምጣ። አንድ ሚዛን ከብዙ ስልጠና ይበልጣል። ረድፉ ባይበልጥም መዝኑ፤ ያልበለጠውን ያሳየ ማኅበር በሌላው ጊዜ ይታመናል።

ስለ ማዳበሪያ አንድ ነገር ልበል። ሐይቁ ዳር ያላችሁ እንቦጭን ለኮምፖስት መጠቀም ትችላላችሁ፣ ግን አበባ ያወጣውን አትንኩ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ከሐይቁ አውጥታችሁ ቦዩ ውስጥ እንዳትተክሉት። አበባ ያላወጣውን ሰብስቡ፣ ከውኃው ርቃችሁ በፀሐይ አጠውልጉት፣ ከዚያ ከደረቅ ገለባ፣ ከእበት፣ ከጥቂት አመድና አፈር ጋር እያነባበራችሁ ከምሩት። መሃሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉ። በሳምንቱ ስትነቅሉት ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል፤ ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፣ አገላብጡት። ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል።

ማእድ ቤቱ

ማኅበሩ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። በየወሩ አንድ ነገር አብራችሁ አብስሉና አብራችሁ ብሉ። ለመጀመሪያው የምመክረው የብቅል ዳጉሳ ምጥን ነው፣ ከስድስት ወር በላይ ላሉ ልጆች የሚሆን።

ዳጉሳውን አበጥሩ፣ እጠቡ፣ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ። ጠዋት ውኃውን ድፉትና እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፣ በላዩም ሸፍኑት። ሙቀቱ ደህና ከሆነ በሁለት ቀን ነጭ ነጭ ጭራ ያወጣል። ጭራው ሳይረዝም በንጹሕ ሸራ ላይ አስጡት፤ መሬት ላይ አታስጡ። ሲደርቅ በእጅ አሹት፣ ጭራው ይረግፋል፣ አበጥሩት። ሻጋታ የታየበት ወይም የሻገተ የሚሸት ካለ ይጣል፤ ለዶሮም አይሰጥ። ከዚያ ለስለስ ባለ እሳት አመስ አመስ አድርጉት። ለሦስት እጅ ዳጉሳ አንድ እጅ የታመሰና የተከካ ሽምብራ ጨምራችሁ አስፈጩ።

ብቅል ማብቀል ለጠላ የምታውቁት ነው፣ አዲስ ጥበብ የለውም። አዲሱ ነገር ጥቅሙ ነው። ያልበቀለ እህል ገንፎ ይጠጥራል፣ እናት ልጁ እንዲውጥ ብላ ውኃ ታበዛበታለች፣ ልጁም ሆዱ በውኃ ይሞላል። የበቀለ ከሆነ ዱቄቱ ሳያንስ ገንፎው ራሱ ይቀጥናል። ይህን በአፍ አትንገሩ። ሁለት ድስት ጣዱ፣ እኩል ዱቄትና እኩል ውኃ ጨምሩ፣ አንዱ በብቅል አንዱ ያለ ብቅል ይሁን፣ እናቶቹ ራሳቸው በማንኪያ ያማስሉት። የሚገርማቸው ያኔ ነው።

ግብጦ ያላችሁ፦ መራራነቱ መርዝ ስለሆነ በትዕግሥት ነው የሚሠራው። ተቆልቶ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ውኃው እየተቀየረ ቀናት ይቆያል፣ ወራጅ ውኃ ካለ በከረጢት አስሮ መንከር ይቻላል። ቀኑን አትቁጠሩ፣ ቅመሱት። ምሬቱ ጨርሶ ካልጠፋ ለማንም አይሰጥ። ደግሞ ግብጦ ማዳበሪያ ሳይጠይቅ በደከመና በኮመጠጠ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ለመሬቱም ናይትሮጅን ትቶለት የሚሄድ ሰብል ነው፤ ለአረቄ ቁርስ ብቻ ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

ጓያ ላይ ግን አንድ ትምህርት ግዴታ ነው፣ በተለይ ፎገራና ደንቢያ። "እንፋሎቱ ይይዛል" የሚባል አለ። እንፋሎቱ ማንንም አይዝም። እግር የሚያሽመደምደው ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያን ብቻ ለሁለት ለሦስት ወር በብዛት መብላት ነው። በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም፤ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ መጠኑን አሳንሶ መብላት ነው የሚሻለው። እንፋሎት እየሸሹ ቂጣውን የሚበሉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ማስረዘሜ።

ባለሙያ ስትጠሩ

"መጥታችሁ አሠልጥኑን" አትበሉ፣ የተለመደው ንግግር ተደርጎላችሁ ይኬዳል። ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። "የዳጉሳው ራስ ሳይሞላ ይደርቅብናል" ብላችሁ የታመመውን ተክል ከነሥሩ ለግብርና ባለሙያው አሳዩ። እሱ ካልፈታው ወደ አዴት ግብርና ምርምር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። የከብትና የዶሮ ጉዳይ ከሆነ የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማእከል አለ። ዘንዘልማ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢም ተማሪዎቹ መመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ፤ መለኪያ ያለው ማሳ ያላችሁ እንደሆነ እናንተም ታስፈልጓቸዋላችሁ።

ገንዘቡ

አጭር ነው። ለሁሉም የሚቀል መዋጮ አድርጉ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፣ ሦስቱ ቁልፎች ሦስት ቤት ይደሩ። መጠኑ ሲጨምር ባንክ አስገቡ፣ በሦስት ሴቶች ፊርማ። ሒሳቡ በየስብሰባው ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ማንበብ የማትችለዋም ትስማ። የመጀመሪያውን ዓመት ብድር አትስጡ፤ ለብድር የሆነች ዕቁብ ከፈለጋችሁ ለብቻ ጣሉ። ውስጠ ደንብ ጻፉና፣ ሥራው ሲሰፋ የወረዳውን ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ምን ምን እንደሚጠይቅ ጠይቁት። የታሸገ ምግብ በሰፊው ለመሸጥም ፈቃድ አለው፣ እሱን ሳትጨርሱ ሱቅ አታስገቡ።

ሽያጩ

ቅዳሜ ገበያ ላይ ዱቄት ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ቴርሞስ ሙሉ የዳጉሳ አጥሚት ይዛችሁ ውጡ፣ በሲኒ አቅምሱ፣ ዱቄቱ ከጎን ይሁን። "የድኻ እህል" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አትከራከሩት፣ ሲኒውን ስጡት።

ዋናው ገበያ ግን አራስ ጥየቃ ነው። ለአራስ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ሰው ደግሞ ምን ልያዝ ብሎ ይጨነቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ የምጥን ወይም የገንፎ ዱቄት፣ በደንብ የታሰረ፣ የተፈጨበት ቀንና ውስጡ ያለው ነገር የተጻፈበት፣ ከስኳር ኪሎ የተሻለ ስጦታ ነው። ከተማ ውስጥ የሚሠሩ እህቶቻችሁ ይህን እንዲያወሩላችሁ አድርጉ። መንገድ የተዘጋ ቀን ዱቄት አይበላሽም፣ በብቅልነት ከቆየ ደግሞ የበለጠ ይቆያል፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ጊዜ አታስፈጩ፣ በታዘዘው ልክ አስፈጩ።

ከመሸጣችሁ በፊት ግን ዘሩን አስቀሩ። ማሳው ላይ ሳለ ራሱ የሞላውን፣ ያልታመመውን ምረጡና ለብቻው ቁረጡ፣ ለብቻው ውቁ፣ በአመድ ቀላቅላችሁ በደረቅ እንስራ ወይም በቅል አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ ስሙንና ዓመቱን ጻፉ። ለአዲስ አባል አንድ ጣሳ ስጧት፣ ከአጨዳ በኋላ ሁለት ጣሳ ትመልስ። ዝናቡ ከልክሏት ካልበቀለላት አንዱን ብቻ ትመልስ፣ በሚቀጥለው ዓመት።