ማሳን በገመድ መለካት፦ ከጥማድ ወደ ካሬ ሜትር

ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ከመነሻው የሥራ ልክ እንጂ የስፋት ልክ አይደለም። ዋልካ ጥቁር አፈር ላይ ማረሻው ስለሚከብድ የቀኑ እርሻ ያንሳል፣ ለስላሳ ቀይ አፈር ላይ ይበልጣል። ስለዚህ የአንዱ ቀበሌ ጥማድ ከሌላው ቀበሌ ጥማድ ጋር ላይገጥም ይችላል። በብዙ ቦታ ለሒሳብ እንዲመች 1 ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ተደርጎ ይያዛል። በጎጃምና በጎንደር ቃዳ የሚባለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ልክ ይታሰባል። ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው፤ ዛሬ ከድሮ ሰነድና ከሽማግሌዎች ንግግር ውጭ እምብዛም አያጋጥምም። ሄክታር ግን የትም ቢሄዱ አንድ ነው፦ 100 ሜትር በ100 ሜትር፣ 10,000 ካሬ ሜትር።

ማዳበሪያና ዘር በሄክታር ይመከራል፣ ኪራይ በጥማድ ይነገራል፣ የይዞታ ደብተሩ ደግሞ በሄክታር ወይም በካሬ ሜትር ይጻፋል። እነዚህን ማስታረቅ የሚቻለው ማሳውን ራሱን በመለካት ነው። ሁለት ሰው፣ ገመድና ጥቂት ችካል ካለ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ገመዱ

50 ሜትር ርዝመት ያለው የሜትር ጥቅል ከተገኘ ሌላ አያስፈልግም። ካልተገኘ 25 ሜትር የሚሆን የማይለጠጥ ሲባጎ ይዘጋጃል። የናይለን ገመድ ሲስቡት ይለጠጣል፣ የቃጫ ገመድ ጤዛ ሲነካው ያጥራል። የትኛውንም ቢይዙ ጠዋት ከመጀመርዎ በፊትና ሥራው ሲያልቅ ከግንበኛ የብረት ሜትር ጋር ያስተያዩት። በየሜትሩ ምልክት የሚደረገው በቀለም ወይም በክር ነው። ቋጠሮ ገመዱን ስለሚበላ መጀመሪያ ለክቶ ኋላ መቋጠር ትልቅ ስሕተት ያመጣል።

ትንሽ የገመድ ስሕተት ስፋት ላይ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። 25 ሜትር የተባለው ገመድ ተለጥጦ 25 ሜትር ከ50 ሳንቲ ከሆነ በርዝመት 2 በመቶ ነው፤ ቁመትና ወርድ ሲባዙ ግን ልዩነቱ 4 በመቶ ይደርሳል። በአንድ ሄክታር ላይ ይህ 400 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የተለጠጠ ገመድ ያንን ያህል ከማሳው ላይ ቀንሶ ያሳያል።

በስልክ ጂፒኤስ ማሳን ዞሮ ስፋት ማውጣትም ተለምዷል። ሜዳ ላይ እንኳ ስልኩ የቆሙበትን ነጥብ በጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል። 10 ሄክታር ላይ ይህ አይታይም፤ 50 ሜትር በ50 ሜትር በሆነ ጥማድ ላይ ግን ከየጎኑ 3 ሜትር መሳት ብዙ ነው። ለትንሽ ማሳ ገመድ ይሻላል።

ወሰኑ

ከመለካት በፊት አዋሳኞቹ ተጠርተው ወሰኑ አብሮ ይታያል። አዋሳኝ ማለት በየአቅጣጫው መሬቱ የሚያዋስነው ሰው ወይም ነገር ነው፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የጋራ ግጦሽ። በሁለት ማሳ መካከል የሚተወው ያልታረሰ ድንበር ካለ መሐሉ ነው ወይስ ዳሩ የሚለካው የሚለውን ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በየዓመቱ ማረሻ ድንበሩን ትንሽ ትንሽ ስለሚገፋ የዛሬው የትልም ጫፍ የድሮው ወሰን ላይሆን ይችላል። የተቀበረ የወሰን ድንጋይ ወይም የቆየ ዛፍ ካለ ከሱ ይጀመራል።

በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ችካል ይተከላል፤ ጎኑ የሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ ማዕዘን ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ ንድፍ ተነሥቶ ማዕዘኖቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብለው ይሰየማሉ። ንድፉ ውብ መሆን የለበትም፤ ቁጥሮቹ ግን እዚያው ማሳው ላይ መጻፍ አለባቸው።

ቅርጹ

በገጠር በብዛት የሚሠራበት ስሌት ትይዩ ጎኖችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያ ሁለቱን አማካዮች ማባዛት ነው። ማሳው ትክክለኛ አራት ማዕዘን ከሆነ ይሠራል። ከሆነ ብቻ። የማሳው ቅርጽ ከትክክለኛ አራት ማዕዘን በራቀ ቁጥር ይህ ስሌት ሁልጊዜ ከእውነተኛው አብልጦ ያሳያል፣ አሳንሶ አያሳይም። ለዚህ ነው አከራይ የሚወደው፤ ተከራይ ግን ሊጠረጥረው ይገባል።

አስተማማኙ መንገድ ማሳውን በሦስት ማዕዘን መከፋፈል ነው። ከሀ ወደ ሐ ሰያፍ መስመር ይዘረጋና ይለካል። ከዚያ ከለ እስከ መስመሩ፣ ከመ እስከ መስመሩ ያለው አጭሩ ርቀት ይለካል። የሰያፉ ርዝመት በአጭሩ ርቀት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የአንዱ ሦስት ማዕዘን ስፋት ይወጣል።

ምሳሌ፦ ሰያፉ 80 ሜትር፣ ከለም ከመም ያለው አጭር ርቀት 30 ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 80 ጊዜ 30 ለሁለት ሲካፈል 1,200 ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ 2,400 ካሬ ሜትር። የማሳው ጎኖች 36፣ 67፣ 67 እና 36 ሜትር ናቸው እንበል። በአማካይ ስሌት ቢሄዱ 51.5 ጊዜ 51.5 ብለው 2,652 ያገኛሉ። 250 ካሬ ሜትር ከአየር መጣ።

አጭሩን ርቀት ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። አንዱ ሰው የገመዱን ጫፍ ለ ላይ ይይዛል፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ሰያፉ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ንባቡ ከሁሉ የሚያንስበት ቦታ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለጉ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ርዝመት ባላቸው ሦስት ክፍሎች ምልክት የተደረገበት የ12 ሜትር ቀለበት ገመድ በሦስት ችካል ላይ ሲወጠር በ3 እና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ይሆናል። ግንበኛ መሠረት የሚያወጣውም በዚሁ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ማዕዘን ያለው ማሳ በዚሁ ዘዴ ሦስት ወይም አራት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በወንዝ በኩል የተጠማዘዘ ጎን ሲያጋጥም ደግሞ ከጎኑ አጠገብ ቀጥ ያለ መስመር ይወጠርና በየ10 ሜትሩ እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ይለካል። ንባቦቹ 0፣ 4፣ 6፣ 5፣ 0 ከሆኑ መሐለኞቹ ተደምረው 15፣ በ10 ሲባዙ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በዋናው ላይ ይደመራል።

ተዳፋት

ብዙ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ ያለው ካርታ መሬቱን ከላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው ነው የሚለካው፤ ማለትም አግድሙን። ገመዱን በተዳፋቱ መሬት ላይ ጥለው የሚለኩ ከሆነ ቁጥሩ ይበልጣል። ቁልቁለቱ 30 በመቶ ከሆነ መሬት ላይ የተለካ 100 ሜትር በካርታ 96 ሜትር ገደማ ነው፤ 60 በመቶ ከሆነ 86 ሜትር ገደማ። ገመድዎና ደብተሩ ባይገጥሙ መሬት የወሰደ ሰው ላይኖር ይችላል።

መፍትሔው በደረጃ መለካት ነው። ከላይ ያለው ሰው ገመዱን መሬት ላይ ይይዛል፤ ከታች ያለው አግድም እስኪሆን ያነሣውና ቱንቢ፣ ካልሆነም ድንጋይ የታሰረበት ክር አውርዶ ነጥቡን መሬት ላይ ያመለክታል። ገመዱ ከደረት በላይ መነሣት ካስፈለገው ርቀቱን ወደ 5 ሜትር ያሳጥሩት።

የቁልቁለቱን መጠን ለማወቅ እኩል ምልክት የተደረገባቸው ሁለት የ2 ሜትር ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎና በገመድ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ ያስፈልጋል። ውሃ ልኩ ሲባጎው ትክክለኛ መሐል ላይ ይንጠለጠላል፤ ወደ አንዱ ጫፍ ከተጠጋ ሲባጎው ስለሚረግብ ንባቡ ይሳሳታል። አረፋው መሐል እስኪገባ አንዱ ጫፍ በዘንጉ ላይ ዝቅ ይደረጋል። ልዩነቱ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ከሆነ ቁልቁለቱ 15 በመቶ ነው። በመቶኛና በዲግሪ አይምታታ፦ 45 ዲግሪ 100 በመቶ ነው፣ 60 በመቶ ደግሞ 31 ዲግሪ ብቻ።

ይህ ቁጥር ከስፋት ውጭም ይጠቅማል። በ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ላይ ከ60 በመቶ በላይ የሚዳፋ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ደረጃ እርከን ተሠርቶበት ብቻ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። በእርከኖች መካከል ያለውን ርቀት ለማውጣትም ያገለግላል፦ በአንዱና በሚቀጥለው እርከን መካከል የ1 ሜትር ከፍታ ልዩነት ከተያዘ 100ን ለቁልቁለቱ መቶኛ ማካፈል ነው። 5 በመቶ ላይ 20 ሜትር፣ 10 በመቶ ላይ 10 ሜትር። የእርከኑ መስመር በዚያው ውሃ ልክ በእኩል ከፍታ ይተለማል። በዓይን የተተለመ እርከን ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ውሃ ያጠራቅምና በመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ይሰበራል፤ ከዚያ ቦረቦር ይጀምራል።

ዛፍና ችግኝ

ችግኝ ሲታዘዝ ስፋቱን አንድ ችግኝ ለሚይዘው ቦታ ማካፈል ነው። በ1 ሜትር በ1 ሜትር የሚተከል ባሕር ዛፍ በሄክታር 10,000፣ በ2 በ2 ከሆነ 2,500፣ በ3 በ3 ከሆነ 1,111 ይወስዳል። ጠባቡ ለማገርና ለአጣና፣ ሰፊው ለወፍራም ግንድ ነው። የሚጠወልገውን ለመተካት ጥቂት ትርፍ ይያዛል። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይኛው ጎን ተነሥቶ ነው፤ ዙሪያው ለ3.14 ሲካፈል የግንዱን ወርድ ይሰጣል። ለቁመት፣ ክንድዎን ሲዘረጉ ከዓይንዎ እስከ ጭብጥዎ ያለውን ርቀት የሚያክል ዱላ ቀጥ አድርገው ይያዙና ዱላው ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ በትክክል እስኪሸፍን ወደ ኋላ ይሂዱ። ከቆሙበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት ቁመቱ ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻ።

ከስፋቱ ወደ ከረጢቱ

በሄክታር 100 ኪሎ የተመከረ ማዳበሪያ ለ2,400 ካሬ ሜትር 24 ኪሎ ነው፦ ስፋቱን ለ10,000 አካፍሎ በ100 ማባዛት። ምርትም እንዲሁ ቀድሞ ይገመታል። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ማሳው ላይ ይጣልና ውስጡ ያለው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። ግራሙ ለ10 ሲካፈል በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ይነግርዎታል፦ 250 ግራም ማለት 25 ኩንታል። ክፈፉ ቢያንስ አምስት ቦታ ይጣል፤ የሚጣለውም ቦታ ሳይመረጥ ነው። ሰው ሁሉ ያማረውን ቦታ ስለሚመርጥ ግምቱ ከአውድማው ይበልጣል። እርጥብ እህል መመዘንም ያንኑ ስሕተት ያመጣል።

መሬቱ በእኩል፣ በሲሶ ወይም በእርቦ የሚታረስ ከሆነ ዘሩና ማዳበሪያው ከማን እንደሚወጣ፣ ገለባውም ለማን እንደሆነ ከማረስ በፊት ይነገር፤ ከአጨዳ በኋላ የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ከእህሉ ይልቅ ገለባው ነው።

በገመድ የተገኘው ልክ ለራስዎ ሒሳብ ነው፤ ደብተሩን አይለውጥም። ገመዱ ተፈትሾ፣ ማሳው ሁለት ጊዜ ተለክቶ፣ ተዳፋቱም ተስተካክሎ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ንድፉን ይዘው ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይሂዱ። ንድፉ ላይ ቀኑ፣ የማዕዘኖቹ ስም፣ የእያንዳንዱ መስመር ርዝመትና በልኬቱ ጊዜ የነበሩት አዋሳኞች ስም ይኑርበት።